ስለ ዲስክ ፍሬን የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ባለፈው ሳምንት «ስለ ተራራ ሳይክል ፍሬን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ሦስት አራት ጥያቄ ስጠብቅ ጎርፍ ሆነብኝ። ገሚሱ ያው አንድ ነው፤ «ርካሽ ሆኖ የሚይዝ የቱ ነው?» የሚል። እኔ የፋብሪካ ሰው አይደለሁም። እዚህ ጎንደር ከጎሃ ኮረብታ ቁልቁል እየወረድኩ ያደግኩ፣ የሰፈሩን ሳይክል ሁሉ የምፈታ ሰው ነኝ። የሞከርኩትንና የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጥያቄ፦ አያ፣ ብሩ አጥሮኛል። ለዳውንሂል (ለቁልቁለት ግልቢያ) የሚሆን ኃይለኛ ፍሬን አንድ ብቻ ጥራልኝ። (ከአዘዞ)

መልስ፦ ሺማኖ ኤምቲ 520። ባለ አራት ፒስተን ነው፤ ፒስተን ማለት እጄታውን ስትጨምቅ በዘይት ግፊት ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚገፋው ነው። እሱን ካጣህ ታናሹን ኤምቲ 420 ውሰድ። ሁለቱም እንደ ውዱ የሺማኖ ኤክስቲ ስም የላቸውም፤ ለዚህም ነው የሚረክሱት። ሸራቸው ግን ከኤክስቲ ባለ አራት ፒስተኑና ለዳውንሂል ከተሠራው ከሴንት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ካንዱ አውጥተህ ለሌላው ብታስገባው ልክ ይገባል። ውዱ ላይ ትርፍ የምትከፍለው በአብዛኛው ለቅለቱ፣ ለእጄታው ማስተካከያና ለማማሩ ነው።

ግን ቆይ፣ ገንዘቡን ገና አታውጣ። መጀመሪያ የፊት ዲስክህን ለካ። 160 ሚሊሜትር ከሆነ ችግርህ ፍሬኑ ላይሆን ይችላል። በርን ማጠፊያው አጠገብ ገፍተህ ታውቃለህ? ይከብዳል። ዳሩን ስትገፋው በአንድ ጣት ይሄዳል። ዲስክም እንደዚያው ነው። ከ160 ወደ 203 ስትቀይር በዚያው ጣትና በዚያው ዘይት ሩብ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ታገኛለህ። ከ180 ወደ 203 ከሆነ 13 በመቶ ገደማ። ዲስክና ማያያዣ (ፍሬኑን ለትልቁ ዲስክ ከፍ የምታደርገውን ብረት) ብቻ ገዝተህ ይሄን ያህል ጉልበት የምታገኝበት ሌላ መንገድ አላውቅም። ትልቁ ዲስክ ሙቀትም ይችላል።

አንድ ነገር ግን እወቅ። የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ የሠራው ፋብሪካ የሚፈቅደው ከፍተኛ የዲስክ መጠን አለ። ርካሽ ሹካ ላይ 180 ብቻ የሚል ካገኘህ 203 አትግጠምበት። ሹካ ሲሰበር ደግሞ በጥርስህ ነው የምታርፈው።

ጥያቄ፦ ከደባርቅ ሊማሊሞን ስንወርድ ግማሽ መንገድ ላይ ፍሬኔ ከዳኝ። እጄታው ጠንካራ ነው፣ ሳይክሉ ግን አይቆምም። ዘይቱ ፈላ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ዘይቱ ቢፈላ እጄታው ለስልሶ እስከ መሪው ድረስ ይገባልህ ነበር። እጄታው ደርቆ ሳይክሉ ካልቆመ የነደደው ሸራው ነው። ሁለቱን መለየት ብዙ ብር ያድናል። ዘይት ሲያስቀይሩ ከርመው ችግሩ ሸራ ሆኖ ያገኙ ስንት አሉ።

ሊማሊሞ ላይ ምን እንደሚሆን እናስላው። አንተና ሳይክልህ አንድ ላይ 90 ኪሎ ናችሁ እንበል። አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁል ስትወርዱ የሚወጣው ጉልበት ሁለት ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ቡና የሚያጠጣ ውሃ ማለት ነው! ነፋሱና ጎማው የሚወስዱት ድርሻ አለ። ፍሬን ይዘህ ቀስ እያልክ ከወረድክ ግን አብዛኛው የሚያርፈው እነዚያ ሁለት ስስ ብረቶች ላይ ነው። ከባድ መኪና ሊማሊሞን በከባድ ማርሽ ነው የሚወርደው፤ ሞተሩ ይይዝለታል። አንተ ሞተር የለህም።

ስለዚህ ፍሬኑን እየጎተትክ አትውረድ። ልቀቀው፣ ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ እንደገና ልቀቅ። በለቀቅክ ቁጥር ዲስኩ ንፋስ ያገኛል። ሸራህ ሬዚን (በሙጫ የተያያዘው ለስላሳው ዓይነት) ከሆነ ደግሞ ወደ ብረት ቀይረው፤ የብረቱ ሙቀት ይችላል። መሃል ላይ ቆም ብሎ ማብረድም ነውር የለውም። ዝንጀሮ እያየህ አስር ደቂቃ ተቀመጥ። ዲስኩን ግን በጣትህ እንዳትነካው! አንድ ጓደኛዬ ሞክሮ የጣቱን አሻራ እዚያው ጥሎ መጣ።

ጥያቄ፦ የብረት ሸራ ገዛሁ፤ በሁለት ወር ውስጥ ዲስኩን በላው። ሸራው ፎርጅድ ይሆን? (ከማራኪ)

መልስ፦ ዲስኩን ገልብጠህ አንብብ። «ሬዚን ፓድ ኦንሊ» (ለሬዚን ሸራ ብቻ) ተብሎ የተቀረጸበት ከሆነ ጥፋቱ የሸራው አይደለም። ከርካሽ ሳይክል ጋር የሚመጣ ዲስክ ብዙውን ጊዜ ለስላሳ ብረት ነው፤ የብረት ሸራ አይችልም። መጀመሪያ ዲስኩን፣ ቀጥሎ ሸራውን ቀይር። የሺማኖ ዲስክ ሲገዛ ውፍረቱ 1.8 ሚሊሜትር ነው፤ 1.5 ሲደርስ ይጣላል።

ጥያቄ፦ ዶት ይሻላል ወይስ ሚኒራል ዘይት?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ውጭ አገር ያለ ሰው ሲመልሰው ስለ መፍላት ነጥብ ያወራልሃል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቅህ «እዚህ ጎንደር ከየት ታመጣዋለህ?» ብዬ ነው።

ዶት ማለት የመኪናና የባጃጅ የፍሬን ዘይት ነው። መለዋወጫ የሚሸጥበት ቤት ሁሉ አለ። ስራም የሚባለው ፋብሪካ የሚሠራቸው ኮድና ጋይድ፣ የሄይስ ዶሚኒየን፣ የሆፕ ፍሬኖች በዶት ይሠራሉ። የሚመከረው ዶት 5.1 ነው። እሱ ከጠፋ ስራም ላይ ዶት 4 ይሠራል፤ ሁለቱ ቢቀላቀሉም አይጣሉም። ዶት 5 የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሲሊኮን ነው። ቁጥሩ ስለተቀራረበ እንዳትሳሳት።

የዶት ችግሩ ከአየር ላይ እርጥበት መጠጣቱ ነው። አዲስ ዶት 5.1 ቢያንስ እስከ 260 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 180 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በዓመት አንዴ መቀየር አለበት። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስ ቢሰጡህ አትቀበል። ቀለምም ይልጣል፤ ሳይክልህ ላይ ከፈሰሰ ቶሎ በውሃ እጠበው።

ሺማኖ፣ ማጉራና ቴክትሮ በሚኒራል ዘይት ይሠራሉ። ስራምም ዲቢ 8 በሚባለው ርካሽ ባለ አራት ፒስተኑ ላይ ወደ ሚኒራል ዞሯል። ሚኒራል ውሃ አይጠጣም፣ ቆዳም አያቃጥልም፣ በየዓመቱ ቀይሩኝ አይልም። እዚህ ግን እንደ ዶት በየሱቁ አታገኘውም። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሰው አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ቢያመጣልህ ለብዙ ጊዜ ይበቃሃል። እኔ ሚኒራሉን ነው የመረጥኩት፤ ጠርሙሷም ቁም ሳጥን ውስጥ እንደ ሽቶ ተቀምጣለች።

የሚኒራሉን ቦታ በዶት፣ ወይም የዶቱን በሚኒራል መተካት ግን ፈጽሞ አይሞከርም። አንድ ጋራዥ ውስጥ «ዘይት ዘይት ነው» ብለው የሺማኖ ፍሬኔ ላይ የመኪና ፍሬን ዘይት ጨመሩልኝ። ብዙም ሳይቆይ ጎሚኒው አብጦ እጄታው ተጭኖ ቀረ። ፍሬኑን ጣልኩት። የጨመረልኝ ሰውዬ እስካሁን የሚያምነው ፍሬኑ ቻይና ስለሆነ ተበላሸ ብሎ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የሚጠይቀኝ የፍሬን ዋጋ የአንድ ሳይክል ዋጋ ነው። እያታለለኝ ይሆን? (እናት ነኝ፣ ከቁስቋም ሰፈር)

መልስ፦ እማማ፣ አላታለለዎትም። ግን ከጠየቀዎት ግማሹን ቢሰጡትም ይበቃዋል። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚሄድ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። የኋላው ትንሽ ሲጠብቅ ጎማውን ያንሸራትታል፤ ከዚያ በላይ ጉልበት ቢኖረውም ጥቅም የለውም። ስለዚህ ለፊት ብቻ ባለ አራት ፒስተንና ትልቅ ዲስክ ይግዙለት፣ የኋላው ያለው ይቀጥል። «አይመሳሰልም» ካለዎት ማን አየው ይበሉት። በተረፈው ብር ጥሩ ሄልሜት ይግዙለት። እሱን እንዲጠይቅዎ አልጠብቅም፤ ልጆቻችን ሄልሜት አይጠይቁም።

ጥያቄ፦ ማጉራ ኤምቲ 5 ወይስ ሺማኖ?

መልስ፦ በጉልበት ማጉራ ይበልጣል። የጀርመን ሥራ ነው፣ ባለ አራት ፒስተን፣ አንዳንዴም በቅናሽ ይገኛል። ግን እጄታው የሚታሰርበት፣ ዘይቱን የያዘው ክፍል ፕላስቲክ መሰል ነገር ነው፤ ብሎኑን በጉልበት ካጠበቅከው ይሰነጠቃል። ዲስኩም 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሆኖ 1.8 ሲደርስ ነው የሚጣለው። እጅህ ለስላሳ ከሆነ ማጉራ። እንደኔ ብሎን ማጥበቅ የምትወድ ከሆነ ሺማኖ።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ይጮሃል! ከሩቅ መምጣቴን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

መልስ፦ ዘይት ነክቶታል። ምናልባት ሰንሰለቱን ስትቀባ ተረጭቶ ይሆናል፤ ምናልባትም «ዝም ላሰኘው» ብሎ የቀባህ ጎበዝ አለ። ዲስኩን በንጹሕ አልኮል ጥረገው። ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርገው። ዘይቱ ጠልቆ ከገባ ግን ሸራው አልቆለታል። ከሰል ላይ መጥበስ የሚባል ዘዴ አለ። እኔም ጠብሻለሁ፤ እናቴ ምን እያበሰልኩ እንደሆነ ጠይቃኛለች። ለአንድ ቀን ዝም አለ፣ በማግስቱ ያው ሆነ።

አዲስ ሸራ ከሆነ ደግሞ ገና አልተላመደም ይሆናል። ጎዳና ላይ መካከለኛ ፍጥነት ያዝና ጎማው ሳይቆለፍ ጠበቅ አድርገህ ልትቆም ስትል ልቀቅ። ሃያ ጊዜ ያህል በፊት፣ ሃያ ጊዜ በኋላ ድገመው። ይሄን ሳያደርጉ «ፍሬኑ አይዝም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ፍሬኑን በሽያጭ የሚሰጡኝም አሉ። አመሰግናለሁ።

ጥያቄ፦ ሳይክሌ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ መጣ። ስወስደው ፍሬኑ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ።

መልስ፦ ተገልብጦ መጥቶ ይሆናል። እጄታው ውስጥ ያለችው አየር ወደ መስመሩ ገብታለች። አቁመው፣ እጄታውን ደጋግመህ ጨምቀው፣ ጨምቀህ አስረኸው አሳድረው። ጠዋት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ካልተመለሰ አየር ማስወጣት ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ ጎማ ከፈታህ በሸራዎቹ መካከል የታጠፈ ካርቶን አስገባ። ጎማ በሌለበት አንድ ሰው እጄታውን ከጨመቀ ፒስተኖቹ ወጥተው ይዘጋሉ። ረዳቱ መጨመቁ ደግሞ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የኔ ዲስክ በሽቦ የሚጎተት ነው። ለውድድር ይሆናል?

መልስ፦ ለከተማ፣ አዎ። አዲስ ሽቦ ከነሽፋኑ፣ ፊት ላይ 180 ዲስክ፣ ጥሩ ሸራ፤ በቃ። ለዳውንሂል ግን አይሆንም። ሸራው ባለቀ ቁጥር በእጅህ ማቅረብ አለብህ፣ ጣትህም ከመታጠፊያው በፊት ይደክማል።

ጥያቄ፦ የስራም ዲስክ ከሺማኖ ፍሬን ጋር ይሄዳል?

መልስ፦ ይሄዳል፣ ግን ቁጥሩን እይ። ስራም 200 ሲሠራ ሺማኖ 203 ነው። ሦስት ሚሊሜትር ምን ታደርጋለች አትበል። ለ203 በተሠራ ማያያዣ 200 ዲስክ ብትገጥም ሸራው የዲስኩን ጠርዝ አልፎ ይነክሳል።

ጥያቄ፦ የአጎቴ ልጅ ከውጭ ያገለገለ ሴንት ላምጣልህ ብሎኛል። ልቀበል?

መልስ፦ ተቀበል እንጂ! ግን ከመክፈሉ በፊት እጄታውን ለአንድ ደቂቃ ጨምቆ ይያዘው። እየሰመጠ ከሄደ ጎሚኒው አልቋል። ሸራውን አውጥቶም ፒስተኖቹ ዙሪያ እርጥበት ካለ ይይ። የሺማኖ ካሊፐር (ፒስተኖቹን የያዘው ክፍል) ጎሚኒ ለብቻው አይሸጥም፤ ካንጠባጠበ ሙሉውን መቀየር ነው።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይስ?

መልስ፦ ብረት ሸራ። የኛ ጭቃ ሬዚኑን በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። መለዋወጫ ሸራ ቦርሳህ ውስጥ ይኑር።

ጥያቄ፦ በስንት ጣት ይያዛል?

መልስ፦ በአንድ። ሌሎቹ መሪውን ይያዙ። ሁለት ካስፈለገህ ወደ መጀመሪያው መልስ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያንተው ሳይክል ላይ ምን አለ?

መልስ፦ ፊት ኤምቲ 520 ከ203 ዲስክ ጋር። ኋላ ዕድሜውን የማላስታውሰው ባለ ሁለት ፒስተን፣ 180። የኋላው ዲስክ ትንሽ ጠማማ ነው፤ ሽው ሽው ይላል። ላቃናው እያልኩ ይኸው ሁለተኛ ክረምቱ።