የካሜራን ቀጥታ ምስል በመስኮት ለምታሳዩ ወጣቶች

የሙያ ልጆቼ፣

ቅዳሜ ቅዳሜ ላፕቶፓችሁን አዝላችሁ ባሕር ዳር እቤቴ ድረስ ለምትመጡትም፣ ከሩቅ ሆናችሁ ለምታነቡኝም፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ከካሜራ የሚመጣን ቀጥታ ምስል በኮምፒውተር ፕሮግራም መስኮት ውስጥ ስለማሳየት ነው። ብዙዎቻችሁ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋና ኦፕን ሲቪ በተባለው የምስል ማቀነባበሪያ መሣሪያ ዐሥር መስመር ጽፋችሁ ፊታችሁን በመስኮቱ ውስጥ ያያችሁ ዕለት ሥራው ያለቀ ይመስላችኋል። ደስታችሁ ይገባኛል፤ እኔም በጊዜዬ እንዲሁ ተደስቻለሁ። ይሁን እንጂ ያ መስኮት ለሚያየው ሰው «የምታየው አሁን እየሆነ ያለውን ነው» የሚል ቃል ይገባለታል፤ ትልቁ ድካም ደግሞ ያንን ቃል ሳያጥፉ መጠበቅ ነው።

ከዓመታት በፊት እዚሁ በጣና ዳር ከአስጋሪዎች ዓሣ ለሚረከብ አንድ ድርጅት ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ከሚዛኑ በላይ የዩኤስቢ ካሜራ ተሰቀለ፤ ምስሉ በመዝጋቢዋ ኮምፒውተር ላይ በመስኮት ይታያል፤ መዝጋቢዋ ኪሎውን አስገብታ አንድ ቁልፍ ስትጫን በዚያች ቅጽበት በመስኮቱ ያለው ምስል በደረሰኙ ላይ ታትሞ ይወጣል። የታሰበው በዓሣው ዓይነትና መጠን ላይ የሚነሣውን ጭቅጭቅ ለማስቀረት ነበር። ቢሮዬ ውስጥ ስሞክረው አንድም እንከን አላየሁበትም። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ታንኳዎቹ በብዛት ገብተው ሰልፉ በረዘመበት ሰዓት፣ አንድ ሽማግሌ አስጋሪ ደረሰኛቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። ያስመዘኑት ቆሮሶ ነው፤ በደረሰኙ ላይ ያለው ግን ከእርሳቸው በፊት የነበረው ሰው ያስመዘነው ትልቅ አምባዛ ነው። «ልጄ፣ ይኼ ዓሣ የእኔ አይደለም» አሉኝ በዝግታ። ወደ ሚዛኑ ሄጄ እጄን ከካሜራው ሥር ዘረጋሁ፤ በመስኮቱ የሚታየው ባዶ የሚዛን ሳህን ነው። እጄን ሰብስቤ ከቆየሁ በኋላ የገዛ እጄ በመስኮቱ ውስጥ ብቅ ሲል አየሁት። ጥፋቱ የመዝጋቢዋም የካሜራውም አልነበረም፤ የእኔ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከካሜራው ፍሬም፣ ማለትም ቀጥታውን ምስል ከሚሠሩት ተከታታይ ምስሎች አንዱን፣ የሚያነበውን ትእዛዝ መስኮቱን በሚያንቀሳቅሰው በዋናው ትሬድ (ፕሮግራሙ ትእዛዞቹን ተራ በተራ በሚፈጽምበት መሥመር) ላይ አስቀምጬው ነበር። ካሜራው በሰከንድ 30 ፍሬም የሚሰጥ ከሆነ አንባቢው ቀጣዩ ፍሬም እስኪደርስ 33 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጠብቃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መስኮቱ የመዳፊት ንክኪም ሆነ የቁልፍ ጭነት አይሰማም። ካሜራው ትንሽ ከዘገየ ደግሞ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ይህን ለማስቀረት ንባቡን ወደ ሌላ ትሬድ አወጣሁትና የሚመጡትን ፍሬሞች አንድ ሳይቀር በወረፋ አሰልፌ ለመስኮቱ ማቀበል ጀመርሁ። ሜሞሪ እንዳይሞላም ወረፋውን በ600 ፍሬም ገደብሁት። የመዝጋቢዋ ኮምፒውተር ግን ያረጀ ነበርና በሰከንድ መሳል የሚችለው 20 ፍሬም ብቻ ነው። 30 እየገባ 20 ብቻ ሲወጣ በየሰከንዱ 10 ፍሬም ይጠራቀማል፤ በአንድ ደቂቃ ወረፋው ይሞላል። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ አዲስ ፍሬም ከፊቱ ያሉት 600 በሰከንድ ሃያ ሃያ እየሆኑ እስኪሳሉ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቃል። ግማሽ ደቂቃ ደግሞ በዚያ ሚዛን ላይ የአንድ ሰው ተራ ነው። 640 በ480 የሆነ አንድ ባለ ቀለም ፍሬም 921,600 ባይት ስለሚይዝ፣ ያ ሁሉ ያለፈ ጊዜ ከ550 ሚሊዮን ባይት በላይ ሜሞሪ ይዞ ተቀምጦ ነበር። እኔ አንድም ፍሬም እንዳይጠፋ ብዬ ተጨንቄ የጠበቅሁት፣ ማንም የማይፈልገውን ትናንት ነበር።

ወረፋውን አጠፋሁት። በምትኩ ለአንድ ፍሬም ብቻ የሚሆን ቦታ አዘጋጀሁ፦ አንባቢው ትሬድ አዲስ ፍሬም ባገኘ ቁጥር የቀድሞውን አንሥቶ የራሱን ያስቀምጣል፤ መስኮቱ ደግሞ በየ33 ሚሊሰከንዱ መጥቶ እዚያ ያገኘውን ይስላል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዳይነካኩ በመቀያየሪያው ቅጽበት ብቻ የሚዘጋ አጭር መቆለፊያ አለ። ኮምፒውተሩ ደካማ ሆኖ በሰከንድ 12 ፍሬም ብቻ ቢስል ምስሉ ትንሽ ይቆራረጥ ይሆናል እንጂ የሚያሳየው አሁንን ነው። ለቀጥታ ምስል የሚጣል ፍሬም ኪሳራ አይደለም። ለቪዲዮ ቀረጻ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ አንድም ፍሬም መጥፋት የለበትም፣ መዘግየቱ ግን ማንንም አይጎዳም። ሁለቱን በአንድ ወረፋ ለማገልገል የሚሞክር ሰው ሁለቱንም ያበላሻል፤ ስለዚህ መንገዳቸውን ገና ከመነሻው ለዩ። አንባቢው ትሬድ ደግሞ መስኮቱ ተደብቆ ባለበት ሰዓት እንኳ ማንበቡን አያቋርጥ፤ የካሜራው ድራይቨር (ካሜራውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) በበኩሉ ፍሬም የሚያቆይበት የራሱ ትንሽ መጠባበቂያ ስላለው፣ ሳይነበብ ከቆየ መስኮቱን ስትመልሱት ያረጀ ፍሬም ያቀብላችኋል።

ቁልፉንም አስተካከልሁት። ቀድሞ መዝጋቢዋ ስትጫን ፕሮግራሙ ከካሜራው ሌላ ፍሬም ያነብብ ይሆን ወይስ የታየውን ይወስድ የሚለውን በቅጡ አላሰብሁበትም ነበር። መታተም ያለበት እርሷ በዓይኗ አይታ የፈቀደችው ፍሬም ነው፤ በዚያ ላይ የምትፈርመው እርሷ ናትና።

ከዚህ የሚያንሱ ሆነው ብዙ ሰዓት የሚበሉ እንቅፋቶችም አሉ። መስኮቱን ከዋናው ትሬድ ውጭ በፍጹም አትንኩት፤ መስኮቱን የሠራችሁት በኪውት ከሆነ በሲግናል (ከትሬድ ወደ ትሬድ በሚላክ መልእክት)፣ በቲኪንተር ከሆነ ዋናው ትሬድ በራሱ ሰዓት መጥቶ እንዲወስድ በማድረግ አቀብሉ። በኪውት ከባይቶች ላይ የምትሠሩት ምስል ባይቶቹን አይገለብጥም፣ ወደነበሩበት ያመለክታል እንጂ፤ አንባቢው በዚያው ቦታ ላይ ቀጣዩን ፍሬም ከጻፈበት ላዩ የአንዱ ታቹ የሌላው የሆነ ምስል ታያላችሁ፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ገልብጡት። ኦፕን ሲቪ ደግሞ ቀለሞቹን የሚያስቀምጠው ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ በሚል ቅደም ተከተል ነው፤ አብዛኛው የመስኮት መሣሪያ የሚጠብቀው ግን ቀይን አስቀድሞ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪዬ ከሚዛን አጠገብ የተቀመጠው ቢጫ ጀሪካን በመስኮቱ ውስጥ ውኃ መሳይ ሰማያዊ ሆኖ ታይቷት ካሜራው ተበላሽቷል ብላ ሌላ ልትገዛ ነበር። ቢጫ የቀይና የአረንጓዴ ድምር ስለሆነ፣ ቀይና ሰማያዊ ቦታ ሲለዋወጡ የሚወጣው ቀለም ይኸው ነው። አንድ መስመር ጽፋ ጀሪካኑን ወደ ቢጫነቱ መለሰችው።

ትልቅ ምስል ለማሳየትም አትቸኩሉ። 1920 በ1080 የሆነ ምስል በአንድ ፒክስል ሁለት ባይት እየያዘ በሰከንድ 30 ጊዜ ሲላክ በየሰከንዱ 124 ሚሊዮን ባይት ያህል ይሆናል፤ የዩኤስቢ 2.0 መስመር ደግሞ በወረቀት ላይ እንኳ ከ60 ሚሊዮን አያልፍም። ስለዚህ ካሜራው ወይ ምስሉን አምቆ ይልካል ወይ የፍሬሙን ቁጥር ይቀንሳል። አመሻሹ ላይም፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ካሜራው ብርሃን ለማጠራቀም እያንዳንዱን ፍሬም ረዘም አድርጎ ስለሚያነሣ 30 የነበረው ወደ 15 ሊወርድ ይችላል፤ ኮዳችሁን ከመጠርጠራችሁ በፊት አምፖል አብሩ።

ምን ያህል ፍጥነት ይበቃል ለሚለው የሚታየው ነገር ራሱ ይመልስላችኋል። እ.ኤ.አ. በ1991 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክፍል ባልደረቦች ኮሪደር ላይ ያለው ማፍያ ቡና ይኑረው አይኑረው ከየጠረጴዛቸው ለማየት ካሜራ አቁመው፣ 128 በ128 ፒክስል የሆነች ቀለም የሌላት ምስል በኮምፒውተራቸው ጥግ በመስኮት አሳዩ። ምስሏ የምትታደሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ነበር፤ ማፍያው በዝግታ ስለሚሞላ ያ በቂያቸው ነበር። ለሚዛን ግን አይበቃም፤ ዓሣ ሳህን ላይ ሃያ ሰከንድ አይቆይም።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ቆሞ የቀረን ምስል ነው። በከተማችን መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ በባትሪ ይቀጥላል፣ በኔትወርክ የተገናኘው ካሜራ ግን ይጠፋል፤ በመስኮቱ የቀረው የመጨረሻ ፍሬም ምንም ያልሆነ መስሎ ይቀመጣል። ባዶ ሚዛን፣ ጸጥ ያለ በር፣ ማንም የሌለበት ግቢ ሲታይ ጥበቃው አምኖ ይተኛል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፍሬም የደረሰበትን ሰዓት መዝግቡ፤ ሁለት ሰከንድ አልፎ አዲስ ካልመጣ ምስሉን አጥቁሩና «ምስል ተቋርጧል» ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት፤ ከበስተጀርባም ካሜራውን ዘግታችሁ እንደገና ለመክፈት በየጥቂት ሰከንዱ ሞክሩ። ፕሮግራሙ ሲዘጋም አስቀድማችሁ አንባቢውን ትሬድ አስቁሙ፣ ቀጥሎ ካሜራውን ልቀቁ፤ አለበለዚያ ካሜራው ተይዞ ቀርቶ በማግሥቱ ጠዋት አልከፈት ይላል።

ለማንም ከማስረከባችሁ በፊት ደግሞ አንድ ሙከራ አድርጉ። በስልካችሁ ላይ ሰከንድ የሚቆጥረውን ሰዓት አስጀምሩና ከካሜራው ፊት፣ ከኮምፒውተሩ ስክሪን ጎን ያዙት፤ በሌላ ስልክ ሁለቱን በአንድ ፎቶ አንሡ። በስልኩ ላይ ያለው ቁጥርና በመስኮቱ የሚታየው ቁጥር ሲቀናነሱ የሚቀረው የፕሮግራማችሁ መዘግየት ነው። ይህን ወዲያው እንዳስጀመራችሁት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ሳይቋረጥ ከሠራ በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ አድርጉት፤ የእኔ ወረፋ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ቢለካ ኖሮ ንጹሕ ይመስል ነበርና። የሚመጣው ቅዳሜ ስትመጡ ሁለቱን ፎቶዎች ይዛችሁልኝ ኑ፤ ኮዱን የምንከፍተው እነርሱን ካየን በኋላ ነው።