እማዬ ገላዋን መታጠብ እምቢ አለች

ጥያቄ፦ እናቴ 79 ዓመቷ ነው። አብረን ነው የምንኖረው። ድሮ ሳትታጠብ ቤተ ክርስቲያን የማትሄድ፣ ነጠላዋ ሁሌ ነጭ የሆነ ሴት ነበረች። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን መታጠብ እምቢ ብላለች። «ትናንት ታጥቤያለሁ» ትለኛለች፤ አልታጠበችም። ስጫናት ታለቅሳለች። ሰው ቤት ሲመጣ ሽታው እየተሰማ እሳቀቃለሁ። ምን ላድርግ?
ልጃቸው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ «ትናንት ታጥቤያለሁ» ሲሉሽ አትከራከሪ። መርሳት የጀመራቸው አዛውንት ከልባቸው የታጠቡ ይመስላቸዋል። ክርክሩን ብትረቺ እንኳ አይታጠቡልሽም።

በነርስነቴ አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ አጥባለሁ። ከእምቢታው ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ብርድ፣ የመውደቅ ፍርሃትና ኀፍረት ነው። ጉልበቱ ለሚከዳው ሰው እርጥብ ሴራሚክ ላይ ቆሞ ውሃ በአናቱ ሲወርድበት በጣም ያስፈራል። በልጅ ፊት ራቁት መሆንም ለእናት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ለጊዜው ሻወሩን ተዪውና በእግራቸው ጀምሪ። ከሰዓት፣ ቤቱ ሲሞቅ፣ ቡና ከጠጡ በኋላ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ይዘሽ እግራቸው ሥር ተቀመጪ። «እማዬ፣ እግርሽን ልጠብልሽ» በያቸው። እግር ማጠብ በእኛ አገር ለእንግዳ የሚደረግ ክብር ነው፤ በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱም የምእመናንን እግር ያጥባሉ። እናትሽ ይህን ያውቁታል። ገላዬን አላስነካም ያሉ እናቶች ለእግራቸው እሺ ሲሉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በዚያው የጣቶቻቸውን መሃል እዪ፤ በደንብ አድርቂ። ስኳር ካለባቸው ትንሽም ቁስል ብትሆን ሐኪም ይያት።

እግሩን ከለመዱ በኋላ ወደ ላይ ውጪ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳለ ተዪው። አንድ ክንድ አውጪ፣ እጠቢ፣ አድርቂ፣ መልሰሽ ሸፍኚ፤ ከዚያ ሌላውን። ከመንካትሽ በፊት «አሁን ጀርባሽን» እያልሽ ንገሪያቸው። እርጥቡን ፎጣ በእጃቸው ስጫቸው፤ ፊታቸውንና ደረታቸውን ራሳቸው ይጠቡ። ከጡት ሥር ያለው እጥፋት እርጥብ ከቀረ ቶሎ ይቆስላል፤ እዚያ ጋ አትቸኩዪ። ብልታቸውን በመጨረሻ፣ በሌላ ፎጣና በንጹሕ ውሃ፣ ከፊት ወደ ኋላ እጠቢ። ሲያበቃ እግርና ክንዳቸውን ቫዝሊን ቀቢያቸው።

መላ ገላቸውን በሳምንት ሁለት ጊዜ ማጠብ ይበቃል። የአዛውንት ቆዳ በሳሙና ብዛት ይደርቃል፣ ያሳክካል። ፊት፣ እጅ፣ ብብትና ብልት ግን በየቀኑ ነው። ሽንት ካመለጣቸው ደግሞ ወዲያው። ፀጉራቸውን በሌላ ቀን እጠቢ፤ ብዙዎቹን የሚያስለቅሳቸው ፊታቸው ላይ የሚወርደው ውሃ ነው።

ሽታው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከልብስ ነው። ማታ ሲተኙ የቆሸሸውን አንሺና በቦታው የሚመስለውን ንጹሕ ልብስ አስቀምጪ። ጠዋት ያለ ጭቅጭቅ ይለብሱታል።

ሻወር ቤት መግባት ከፈቀዱ ቁጭ ብለው ይታጠቡ። እግሩ የማይንሸራተት ጠንካራ ወንበር፣ ወለሉ ላይ የጎማ ምንጣፍ፣ ግድግዳው ላይ በብሎን የታሰረ መያዣ ያስፈልጋል። የፎጣ መስቀያ ሰው አይችልም፤ ተነቅሎ ይጥላቸዋል። ውሃውን በክርንሽ ለክተሽ በጆግ ከትከሻቸው ጀምረሽ አፍስሺ። አደራ፣ ክፍሉን ለማሞቅ ብለሽ ከሰል እንዳታስገቢ! በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ይገድላል፤ መርዙም አይሸትም።

ካለቀሱ አቁሚ። ሸፍነሽ ሻይ ስጫቸው፤ የቀረው ነገ ይታጠባል። አንቺ ከደከመሽ ወይም እሳቸው ካንቺ ካፈሩ፣ የሚወዷት የእህታቸው ልጅ ወይም ጎረቤት ትሞክር።

ለውጡ ከክረምት ጀምሮ ስለሆነ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። መርሳትም፣ ድብርትም፣ የጉልበት ሕመምም እንዲህ ያደርጋል፤ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዘሽ ሂጂ። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ግራ ከተጋቡ፣ ካተኮሳቸው ወይም ሽንት ካቃጠላቸው ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። በአዛውንት ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አእምሮን ሊያምታታ ይችላል፤ በዚያው ቀን ይታዩ።