የእንቅስቃሴ ሕመሞችን ለመመራመር ሐኪም መሆን ግድ ነውን?

ውድ እኅቴ፣

በጎንደር የፊዚዮቴራፒ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ መሆንሽን፣ የእንቅስቃሴ መዛባትና የቅንጅት ችግሮችን በሚመለከት ምርምር ላይ ለመሰማራት መመኘትሽን፣ አጎትሽ ግን «እሱ የነርቭ ሐኪሞች ሥራ ነው፤ ሕክምና ካልተማርሽ በከንቱ አትድከሚ» እንዳሉሽ ገልጸሽ ምን እንደሚሻልሽ ጠይቀሽኛል። ሐሳቡ ያደረብሽ ሴት አያትሽ ቡና ሲቀዱ ከሲኒው ይልቅ ረከቦቱ ላይ የሚፈሰው ከዓመት ዓመት እየበዛ መሄዱን ስላየሽ መሆኑንም ጽፈሻል።

የአጎትሽ ቃል በከፊል እውነት ነው። የአንድን ሰው መንቀጥቀጥ ምንነት መለየትና መድኃኒት ማዘዝ የሐኪም ድርሻ ስለሆነ፣ ልብሽ ወደዚያ ካደላ መንገዱ በሕክምና ትምህርት፣ ከዚያም በነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ በኩል ነው። ምርምሩ ግን ከዚህ ይሰፋል። ሰው እንዴት እንደሚራመድ፣ ሚዛኑን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ እጁ የታዘዘውን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚፈጽም መለካት የእናንተ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የዕለት ተዕለት ሥራ ነው፤ አንድ መድኃኒት ወይም ልምምድ ረድቶ እንደሆነ የሚታወቀውም በዚሁ ልኬት ነው። የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1817 ሲገልጽ የተነሣው ከስድስት ሰዎች ብቻ ሲሆን፣ አንዳንዶቹን ያያቸውም መንገድ ላይ ነበር። ወደ ፊት ያጎነበሰ አቋማቸውንና ከመራመድ ወደ መሮጥ የሚያደላ እርምጃቸውን አስተውሎ ጻፈ። በሕሙማኑ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር መጉደሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960፣ ማለትም ከ140 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ያ ሁሉ ጊዜ የተሠራው በጥንቃቄ ከታየው ነገር ላይ ነበር።

ስለ አያትሽም አንድ ነገር ልበል። በፓርኪንሰን ሕመም መንቀጥቀጡ ብዙውን ጊዜ የሚታየው እጅ ጭን ላይ አርፎ ሳለ ነው፤ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይመላለሳል፤ ጀበናውን ለማንሣት እጅ ሲዘረጋ ደግሞ ጋብ ሊል ይችላል። ኢሴንሻል ትሬመር በሚባለው ሌላ የመንቀጥቀጥ ሕመም ግን እጅ ዕቃ ሲይዝ፣ ሲቀዳና ሲጽፍ ይብሳል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ረከቦቱን ብቻ ሳይሆን፣ አያትሽ ቡናው እስኪፈላ ሲጠብቁ እጃቸው ምን እንደሚሆን ተመልከቺ። ፍርዱ የእኔም የአንቺም አይደለምና ወደ ሐኪም ውሰጃቸው፤ ያየሽውን ግን ሳትጨምሪና ሳትቀንሺ ንገሪው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ለዚህ ምርምር ከጎንደር መውጣት ይኖርብሽ እንደሆነ ነው። ለጊዜው አይኖርብሽም፤ እንዲያውም ከጎንደር አጠገብ ያለውን ጉዳይ ሳታውቂ ብትሄጂ እቆጫለሁ። ጓያ ድርቅን ስለሚችል ሌላው እህል ሲጠፋ ገበሬው የሚደገፍበት ነው። ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ግን በውስጡ ያለው ቤታ ኦዳፕ የተባለ መርዝ እግርን የሚያዙትን የነርቭ መሥመሮች ይጎዳል፤ እግር ይገትራል፣ በጣት ያስረግጣል፣ በትር ያስይዛል፤ ጉዳቱም አይመለስም። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህ ሕመም በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ምን ያህል እንደተስፋፋ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። በመማሪያ መጻሕፍት አመዳደብ ከፓርኪንሰን ጋር በአንድ ምዕራፍ አይገባም፤ ለአንቺ ሙያ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። በትር የያዘ ገበሬ እርጥብ ማሳ ላይ እንዴት እንደሚራመድ፣ የትኛው ልምምድ ወይም መደገፊያ ድካሙን እንደሚያቀልለት መመርመር ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚገባ ጥያቄ ነው።

የሕፃናቱም ጉዳይ አለ። የልብሱን ቁልፍ መቆለፍ፣ ጫማውን ማሰር፣ ፊደል በመሥመር ላይ መጻፍ የሚያቅተውን ልጅ «ሰነፍ» እያልን እናሳድጋለን። የዕድገት ቅንጅት ችግር የሚባለው ይህ ሁኔታ ለትምህርት ከደረሱ ሕፃናት ከ5 እስከ 6 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንደሚታይ ይገመታል፤ ከስንፍናም ሆነ ከአእምሮ ማነስ ጋር አይገናኝም። መመዘኛዎቹ በአብዛኛው በሌላ አገር ልጆች ልክ የተሠሩ ስለሆኑ፣ የእኛ ልጆች የሚጫወቱትንና የሚይዙትን ዕቃ ያገናዘበ መለኪያ ማዘጋጀት የዓመታት ሥራ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ተግባሩ። ለመመረቂያ ጥናትሽ ትንሽ ርዕስ ምረጪ። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ሦስት ሕመሞችንና አራት ሆስፒታሎችን የያዘ ፕሮፖዛል ይዞልኝ መጥቶ፣ ጉጉቱን ላለመስበር ብዬ ዝም አልኩት፤ ጥናቱን ሳይጨርስ ቀረ። ያን ጊዜ አለመናገሬ እስከ ዛሬ ስለሚከነክነኝ ለአንቺ እነግርሻለሁ፦ አንድ ልኬት ይበቃሻል። ከወንበር ተነሥቶ 3 ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ ተመልሶ መቀመጥን በሰዓት የሚለካው ፈተና ወንበር፣ ሜትርና ሰዓት እንጂ ሌላ አይጠይቅም። ጓደኛሽና አንቺ አንዱን ሰው ተራ በተራ ሳይሆን በአንድ ጊዜ፣ አንዳችሁ የሌላውን ሰዓት ሳታዩ ለኩ፤ ቁጥራችሁ ከተራራቀ ችግሩ ከታማሚው ሳይሆን ከእናንተ ነውና መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። የታማሚ መረጃ ከመሰብሰብሽ በፊት ደግሞ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ አግኚ።

ስታቲስቲክስን እንደ ማለፊያ ኮርስ አትዪው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ስለሆነ፣ መረጃ መሰብሰብና መተንተን የሚያውቅ ሰው ከደጅሽ አለ።

ምርምር ብቻ የሚሠራበት የሥራ መደብ በአገራችን ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ተመራማሪ መምህርም ነው። መምህርነት ደግሞ የመመረቂያ ውጤትን ስለሚጠይቅ ነጥብሽን ጠብቂ። ብትጠይቂኝ፣ ከምረቃ በኋላ ወዲያው ወደ ማስተርስ ከመሮጥ ሁለት ዓመት የነርቭ ሕሙማን በሚታዩበት ክፍል ብትሠሪ እመርጣለሁ፤ ደመወዙ ለቤተሰብሽም መልስ ይሆናል፣ አንቺም የምትጠይቂውን ጥያቄ ከታማሚው ታገኛለሽ።

የሚቀጥለውን ደብዳቤሽን ስትጽፊልኝ የመረጥሽውን ልኬትና የምትለኪያቸውን ሰዎች በግማሽ ገጽ አስፍረሽ ላኪልኝ። አያትሽን ግን በጥናቱ ውስጥ አታካትቺያቸው፤ ለእርሳቸው የልጅ ልጅ ሆነሽ ቆዪ።