ገና እንደተነሣችሁ ሞተሩ ቢጠፋ

ባለፈው ሰሞን አንዲት ተማሪ አብራሪ፣ «ጋሼ፣ ገና እንደተነሣሁ ሞተሩ ቢጠፋብኝ ዞሬ መንደርደሪያው ላይ ማረፍ አልችልም?» ብላ ጠየቀችኝ። «አትዙሪ» አልኳት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ወሩ ታኅሣሥ። ከአስተማሪዬ ጋር በባለ አንድ ሞተር ሴስና አውሮፕላን ተነሥተን ባሕር ዛፎቹን እንዳለፍን ሞተሩ አንገራገረና ጉልበቱ ጠፋ። ፕሮፔለሩ በነፋስ ብቻ ይዞራል። አስተማሪዬ ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀይሩ አፍንጫውን ወደ ታች ገፉት። ከፊታችን ጤፍ የታጨደበት ማሳ ነበር፤ በስተግራው ትልቅ ክምር። «ክምሩን አትየው፣ ባዶውን እይ» አሉኝ። ነዳጁን ዘጉ፤ ፍሬሙ ቢጣመም እንዳንታፈን በሩን ገርበብ አደረጉት። መረሬው መሬት ደርቆ ተሰነጣጥቆ ስለነበር የፊት ጎማው ተሰበረ፤ እኛ ግን በእግራችን ወረድን።

የማሳው ባለቤት መንሻቸውን እንደያዙ እየሮጡ መጡ። ስለ እህላቸው አንዲት ቃል ሳይናገሩ በቅል ውኃ ሰጡን። በማግስቱ አውሮፕላኑን ሊወስድ የመጣው የጭነት መኪና ነዶአቸውን ረግጦት ሄደ፤ የካሳቸውን ነገር አንድም ሰው አልጠየቀም። ተመልሼ አመሰግናቸዋለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ስሄድ ማሳው ቤት ተሠርቶበት፣ የሚያውቃቸውም ጠፋ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አትዙሩ የምለው እንዲሁ አይደለም። መንደርደሪያው ላይ መልሶ ለመግጠም ግማሽ ዙር አይበቃም፤ ከዚያ አልፎ መጠምዘዝ ይጠይቃል። 45 ዲግሪ ስታጋድሉ ደግሞ ክንፉ የሚከዳበት፣ ማለትም አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው ፍጥነት በ19 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሴስና 172 ያለ ሞተር የሚንሳፈፈው እንደ ሞዴሉ ከ65 እስከ 70 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) ነው፤ ያ ፍጥነት ካመለጣችሁ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። የአዲስ አበባ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ መሣሪያው ያንኑ ፍጥነት ቢያሳይም መሬቱ በፍጥነት ነው የሚመጣባችሁ።

በቂ ከፍታ ካላችሁ መዞር ይቻላል፤ እኔም ሲዞሩ ያየኋቸውና በሰላም ያረፉ አሉ። ግን «በቂ» ማለት ስንት እንደሆነ በራሳችሁ አውሮፕላን፣ ከአስተማሪ ጋር ከፍ ብላችሁ ሞክራችሁ ልታውቁት ይገባል።

የዛሬ ልጆች ሒሳቡን ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ። ዓይናችሁ ግን ታብሌቱ ላይ ተተክሏል፤ መስኮቱን ረስታችሁታል። በየመንደርደሪያው ጫፍ የነበረው ማሳ እያለቀ ነው። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት በእግራችሁም ቢሆን ሂዱና የቀረውን ባዶ ቦታ እዩት፤ የኤሌክትሪክ ሽቦው የት እንደሚያልፍ ለዩ።

የእኛን ሞተር ያጠፋው ነዳጅ ውስጥ የገባ ውኃ ነበር። ውኃ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ጠዋት ከታንኩ ሥር ነዳጅ ለናሙና ስትቀዱ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሡት፤ የውኃ ጠብታ ካያችሁ ንጹሕ እስኪሆን ደጋግማችሁ ቅዱ፤ ካልጠራ አትነሡ።