የተዋጠ የብር ብናኝ መድረሻው የት ነው?

ጥያቄ፦ የጎንደር ከተማ፣ የአዘዞ ነዋሪ ነኝ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ያጠራቀምነውን የምናጣራው ብር በተቀባ የሸክላ ማጣሪያ ነው። እናቴ ደግሞ «ለጨጓራ ፍቱን ነው» ተብሎ የተሸጠላቸውን፣ የብር ናኖ ቅንጣት ያለበት ፈሳሽ በየቀኑ በማንኪያ ይወስዳሉ፤ እንቅርታቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወዲህ ታይሮክሲን የሚባለውን የሆርሞን ኪኒንም ይውጣሉ። ይህ ሁሉ ብር ከሰውነት ይወጣል ወይስ ይቀራል?

መልስ፦ አብዛኛው ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን ይቀራል፤ ሊያሳስበን የሚገባውም ይኸው ጥቂቱ ነው።

ናኖ ቅንጣት የሚባለው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚደርስ ብናኝ ሲሆን፣ ትልቁ እንኳ ከሚሊሜትር አንድ አሥር ሺኛ አይበልጥም። ሲዋጥ አስቀድሞ የሚያገኘው የጨጓራ አሲድ ነው፤ ቀጣይ ጉዞውም በአመዛኙ እዚያ ይወሰናል። ዚንክ ኦክሳይድ በአሲዱ ይሟሟል፤ ለከረሜላ ማንጫ ያገለግል የነበረውና የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ከምግብ ያገደው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ግን ስለማይሟሟ በቅንጣትነቱ ይዘልቃል። ብር በሁለቱ መካከል ነው፤ ከፊሉ ሟሙቶ አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አቶም) ከሆነ በኋላ ከክሎራይድና ከፕሮቲን ጋር ስለሚጣመር፣ አንጀት የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ መልኩን ለውጦ ነው።

የትንሹ አንጀት ግድግዳ በዝልግልግ ፈሳሽ የተሸፈነ በመሆኑ ብዙውን ቅንጣት ይዞ ያስቀራል። ያመለጠው በግድግዳው ሕዋሳት በኩል፣ ወይም ባዕድ ነገርን ተቀብለው ለበሽታ መከላከያ ሥርዓት በሚያሳልፉ ልዩ ሕዋሳት በኩል ይሻገራል፤ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች የማይሟሟ ቅንጣት ወደ ደም የገባው አብዛኛውን ጊዜ ከተዋጠው ከ1 በመቶ በታች ነው። ከአንጀት የሚነሳው ደም በቅድሚያ ወደ ጉበት ስለሚሄድ፣ ባዕድ ነገርን የሚውጡ የጉበትና የጣፊያ ሕዋሳት ቅንጣቱን ይይዙታል። ኩላሊት ከ6 ናኖሜትር ገደማ የሚበልጠውን ቅንጣት በቀላሉ አያጣራም፤ ስለዚህ የቀረው ከጉበት በሐሞት በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። ለ28 ቀናት ብር በተመገቡ አይጦች ላይ፣ አመጋገቡ ከቆመ በኋላ ብሩ ከአብዛኞቹ የአካል ክፍሎች ሲወጣ በአንጎልና በዘር ፍሬ ውስጥ ግን ቆይቶ ተገኝቷል፤ ይህን ውጤት አቅልዬ ላልፈው አልችልም።

ማጣሪያዎን አይጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በዕድሜ ዘመን ሁሉ እስከ 10 ግራም ገደማ ብር መውሰድ ጉዳት እንደማያስከትል ይገምታል፤ በሊትር 0.1 ሚሊግራም ብር ያለበትን ውሃ ለ70 ዓመት የሚጠጣ ሰው የሚወስደው የዚህን ግማሽ ያህል ነው። ማጣሪያው አዲስ ሲሆን መጀመሪያ ያጣራውን ውሃ መድፋት ብቻ ይበቃል፤ ተቅማጥ ከሚያመጣ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ጥቅሙ እጅግ ያመዝናል።

የእናትዎ ፈሳሽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1999 እንዲህ ያሉት የብር ፈሳሾች ደኅንነታቸውም ፈዋሽነታቸውም እንዳልተረጋገጠ ወስኗል። ለረጅም ጊዜ የወሰዷቸው ሰዎች ቆዳቸው ወደ ግራጫ ሰማያዊ ተለውጧል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ከዚህም በላይ ብር የታይሮክሲንን ወደ ደም መግባት ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ኪኒኑን ሳያቋርጡ ፈሳሹን ያቁሙ፤ ጠርሙሱንም ይዘው ለሐኪማቸው ያሳዩ፤ የታይሮይድ ሆርሞን የደም ምርመራ እንዲታዘዝላቸውም ይጠይቁ።