የአያቴ ቤት ጭስ ማውጫ እሳት ይችላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አንቱ ማለት ድሬ አልለመደብንምና አንተ እያልኩ ልጠይቅህ። ከዚራ ነው ቤታችን፣ ከአያቴ የወረስነው የድሮ ቤት ነው፣ ኩሽናው የጡብ ጭስ ማውጫ አለው ግን እኔ ነፍስ ካወቅኩ እሳት ነዶበት አያውቅም። መብራት በጠፋ ቁጥር ሊጡ እየኮመጠጠ ሲያስመርረኝ ብየዳ ቤት ሄጄ የላሜራ የእንጨት ምድጃ አሰራሁ፣ በያጁ ግድግዳውን በስተን ቱቦውን እዛ ጭስ ማውጫ ውስጥ እንክተተው ይላል፣ ባሌ ደግሞ ቤቱን ልታነጂው ነው ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ አቦ ለጊዜው ባልሽን ስሚው። ባቡሩ በ1895 ድሬ ከገባ ወዲህ የተሰሩት የከዚራ ቤቶች ከውጭ ሲታዩ ምንም አይሉም፣ ግን የድሮ ግንብ አብዛኛው በኖራ ነው የተያያዘው፣ ኖራውን ደግሞ ጭስና ዝናብ ከውስጥ ይበሉታል። አንዴ አንዱን ከስር ስከፍት የእርግብ ላባና ጭራሮ ባልዲ ሙሉ ወጣልኝ፣ ከዛ በኋላ የጡቡን መጋጠሚያ በጣቴ ስነካው እንደ በሶ ፈሰሰ።

መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች ይጠረግ። ጥቀርሻው እንደ ሬንጅ የሚያብለጨልጭ ከሆነ እርጥብ እንጨት ሲነድበት የኖረ ነው ማለት ነው፣ እሱ ራሱ እሳት ይይዛል፣ ከያዘ ደግሞ ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ ጡቡን ይሰነጥቀዋል። ከጠረግሽ በኋላ ከስር ትንሽ እርጥብ ሳር አጭሺ፣ አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ የጭስ ማውጫውን አፍ በራሰ ጆንያ ይድፈነው፣ ሌሎቻችሁ መስኮት ከፍታችሁ በየክፍሉ ግድግዳውንና ኮርኒሱን እዩ፣ ግድግዳ የምትጋሩት ጎረቤት ካለም እዛ ይታይ። የሆነ ቦታ ጭስ ከወጣ ያ ጭስ ማውጫ ብቻውን እሳት አይሰጠውም።

ባይወጣም እኔ ብሆን ዝም ብዬ አልተወውም፣ 316 የሚባለውን የስቴንለስ ቱቦ ከምድጃው አፍ እስከ ጫፍ ውስጡን አስገባበታለሁ። ስፋቱ የምድጃው አፍ 15 ሳንቲም ከሆነ ያው 15፣ ማጥበብ የለም። በገንዘብ ብለሽ የዚንክ ቆርቆሮ እንዳታስገቢ፣ እኔ ሐረር ቤቴ አስገብቼ በሁለተኛው ክረምት ወንፊት ሆኖ አገኘሁት፣ የአቡጀዲ ኮርኒሴ ቡና መስሎ ጠቁሮ ነበር፣ የተረፍነው ሚስቴ ጨርቅ ጨርቅ ሸተተኝ ብላ በሌሊት ስላስነሳችኝ ነው። ስለዚህ ሽፋን የሌለው ቱቦ ከእንጨትም ከጨርቅም ቢያንስ 45 ሳንቲም ይራቅ፣ የጣሪያ ሞራሌም እንጨት ነው እሱን ሁሉም ይረሳዋል።

ቁመቱ ደግሞ ከጣሪያው ከሚወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲም፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ነገር ሁሉ ደግሞ በ60 ሳንቲም ይብለጥ፣ ካነሰ ነፋሱ ጭሱን መልሶ ኩሽናሽ ውስጥ ይጨምረዋል። የከሰል ጭስ በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ፣ ያው ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከእንጨትም ይወጣል፣ ስለዚህ ስትጋግሪ መስኮት ክፍት ይሁን። እንጨቱ ተፈልጦ በደንብ የደረቀ ይሁን፣ ሁለቱን ስታጋጪው ቋ ካላለ ለሌላ ጊዜ ተይው።

በያጁን ደግሞ ግድግዳ ከመብሳትህ በፊት ጣሪያ ላይ ውጣና ውስጡን በባትሪ እይልኝ በይው፣ አልወጣም ካለ ሌላ ሰው ፈልጊ።