የፓምፑ ኮምፒዩተር በርቀት ይከፈት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ የፓምፕ ኦፕሬተር ነኝ። መቆጣጠሪያውን የገጠመልን ድርጅት ብልሽት ሲኖር ከአዲስ አበባ ሆኖ እንዲያስተካክል ቲምቪወር (ኮምፒዩተርን ከርቀት ማዘዝ የሚያስችል ፕሮግራም) ክፈቱልኝ ይለናል። እንፍቀድለት? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሌት ተቀን ክፍት ሆኖ የሚያድር ከሆነ፣ በፍጹም። ብዙ ፒኤልሲዎች (እንደ ፓምፕ ያሉ ማሽኖችን የሚያዙ መቆጣጠሪያ ኮምፒዩተሮች) የሚነጋገሩበት የተለመደው የመልእክት ደንብ፣ ሞድባስ፣ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ በኔትወርኩ የሞድባስ መግቢያ በር በሆነው ፖርት 502 ላይ የደረሰ ሰው «ፓምፑን አቁም» ካለው ያቆማል። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ዩክሬን ውስጥ 225 ሺህ ያህል ደንበኞች መብራት የጠፋባቸው ሰርጎ ገቦች በተሰረቀ የይለፍ ቃል በርቀት ገብተው መስመሮቹን ስለቆረጡ ነው። መብራቱ በሰዓታት ውስጥ የተመለሰው ደግሞ ሠራተኞች ጣቢያዎቹ ድረስ ሄደው በእጅ ስላበሩት ነው። እናንተስ ፓምፑን በእጅ ማስነሳት ትችላላችሁ? ቢያንስ በየሦስት ወሩ ሞክሩት።

የግድ ካስፈለገ ባለሙያው በስሙ በተከፈተ አካውንትና በስልኩ በሚደርሰው ኮድ መጀመሪያ ወደ ሌላ መሸጋገሪያ ኮምፒዩተር (በውጭውና በፓምፑ ኮምፒዩተር መካከል ወደሚቆም) ይግባ። ሥራውን ሲጨርስ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉት፤ ከማንኛውም ሶፍትዌር ይልቅ እኛ የምናምነው የተነቀለን ገመድ ነው። የፒኤልሲው የሁነታ መምረጫ ቁልፍ «ራን» (ሥራ) ላይ ይሁን፤ «ሪሞት» (ከርቀት) ላይ ከተተወ ፕሮግራሙ ከሩቅ ሊቀየር ይችላል። የፕሮግራሙን ቅጂ ከኔትወርኩ ውጭ አስቀምጡ።

ጥቃት ከጠረጠራችሁ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ፣ ኮምፒዩተሩን ግን አታጥፉት፤ ሜሞሪው ላይ ያለው ማስረጃ ይጠፋል። ወዲያው ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር አሳውቁ። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ቁልፍ መሠረተ ልማትን ማጥቃት ቅጣቱን ያከብዳል።